ወለሉን ምን ያዘው? ከእበት ልቅለቃ እስከ ተቆላፊ ጣውላ በደጋው ጎጃም

በደብረ ማርቆስ አዲስ ከተሠሩት ቤቶች ወደ አንዱ የገባ እንግዳ ከእግሩ ሥር የሚያየው ወለል እንጨት ይመስለዋል። ምስማር አልተመታበትም፤ ጠብታ ኮላ አልነካውም፤ ከታቹ ካለው ሲሚንቶ ጋርም ምንም አላያያዘውም። ዝም ብሎ ተኝቷል። ሰዉ ላሚኔት ይለዋል፤ ከድሮው ጋር አዛምዶ ፓርኬ የሚለውም አለ። ከየት መጣ ቢባል «ከቻይና» ተብሎ ይታለፋል።

ከእሱ በፊት የነበረውንም በየቁርጥራጩ እናውቀዋለን፦ የእናቶቻችንን የእበት ልቅለቃ፣ ሲረግጡት ሲጥ ሲጥ የሚለውን የቀበሌ ቤት ጣውላ፣ የሊሾውን ቅዝቃዜ። ቁርጥራጩ በአንድ ክር ሲሰካ የሚወጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ወለሉን ምን አያይዞ ያቆየዋል? በደጋው ጎጃም ማያያዣው በተለወጠ ቁጥር ወለሉም ተለውጧል። ማያያዣውን ሲያመጣና ሲያስቀር የኖረው ደግሞ መንገዱ ነው።

እበትና ቄጠማ፦ እስከ 1873 ዓ.ም.

የጥንቱ የደጋ ቤት ክብ ነው። ግድግዳው በማገር ተማግሮ ጤፍ ጭድ በተቀላቀለበት ጭቃ ይመረጋል፤ ጣሪያው በሣር ይከደናል። ወንዶቹ ክዳኑን ጨርሰው ሲወርዱ የወለሉ ሥራ ይጀመራል። ሥር የያዘው ሣር ይነቀላል፣ ጉብታው ይደለደላል፣ አፈሩ ውኃ እየተርከፈከፈበት ይጠቀጠቃል። ከዚያ በኋላ ያለው የሴቶች ጥበብ ነው። ትኩስ እበት በውኃ ይለወስና ከጓዳው ጥግ ተጀምሮ በመዳፍ በግማሽ ክብ በግማሽ ክብ እየተጠረገ፣ ለቅላቂዋም ወደ በሩ ወደ ኋላዋ እየሸሸች፣ ስስ ሆኖ ይዳረሳል። ላሟ አኝካ ያልጨረሰችው የሣር ጭረት ከአፈሩ ጋር ይጠላለፍና ሲደርቅ አቧራውን አፍኖ ይይዘዋል። ማያያዣው ያ ጭረት ነው።

ጤፍ የሚወቃበት ዐውድማም የሚለቀለቀው በዚሁ መንገድ ነው። ጤፍን የሚያህል ደቃቅ ቅንጣት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ እንዳይቀር ተብሎ የተፈተነ ወለል ለሰው መቀመጫ ያንሳል ማለት አይቻልም። ጉድለቱ ዕድሜው ማጠሩ ነው። በሳምንት በሁለት ሳምንት መታደስ አለበት፤ ቸል ከተባለ አቧራው ይነሣል፣ ቁንጫውም ይከተላል። የሚታደስበት ነገር ግን ከበረት ይገኛል፤ ገበያ አያስወጣም። ለእንግዳ አጎዛ ወይም ጀንዲ፣ ለዓመት በዓል ቄጠማ ከላይ ይመጣል።

እንጨት ጠፍቶ አልነበረም። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራው፣ ዋንዛው ነበር። ያስቸገረው ከግንድ ሳንቃ ማውጣቱ ነው። መጋዝ በሌለበት አገር ግንድ በመጥረቢያ እየተጠረበ አንድ ወይም ሁለት ሳንቃ ይወጣዋል፤ የቀረው ፍልጥ ሆኖ ይነዳል። እንዲህ በብዙ ድካም የተገኘ ሳንቃ ለቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት እንጂ ለእግር መርገጫ አይሆንም። በሩን ያየ ሰው ግን አናጢው ምን ያህል ያውቅ እንደነበር ይገባዋል። ከሳንቃው ከራሱ ከላይና ከታች የተረፈው ጉጥ በጉበኑና በመድረኩ ቀዳዳ ገብቶ ይዞራል፤ ማጠፊያ የለው፣ ምስማር የለው። ቅርጽ ብቻውን እንጨትን ከእንጨት ማያያዝ እንደሚችል የታወቀው ላሚኔት ሲመጣ አይደለም።

ሳንቃና ምስማር፦ ከ1873 እስከ 1928 ዓ.ም.

ደጃዝማች ተድላ ጓሉ በ1845 ዓ.ም. አካባቢ የቆረቆሯት መንቆረር፣ ራስ አዳል ተሰማ ጥር 1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃም ንጉሥ ከሆኑ በኋላ ደብረ ማርቆስ ሆነች። መናገሻ ስትሆን መኳንንቱ ተሰበሰበ፣ የግብር አዳራሽ ተሠራ፣ ስጋጃ የሚነጠፍለት ወለል ተፈለገ። ነጋዴው ከምጽዋም ከመተማም በጎንደር በኩል በበቅሎና በአህያ ሸቀጡን ጭኖ እስከ ባሶ ገበያ ይመጣ ነበር። በዚያ ርቀት የሚጫነው ግን ጨርቁና ዶቃው፣ አሞሌውም ነው። ምስማር ከባድ ነው፤ ትርፉም ቀላል። የአገሩ ቀጥቃጭ አንድ በአንድ ቀጥቅጦ ከሚሠራው ውጭ ምስማር እንደ ልብ አይገኝም ነበር።

ሁለት ነገሮች መጥተው ሁኔታውን ገለበጡት፤ ሁለቱም የመጡት በሸዋ በኩል ነው። አንደኛው ባሕር ዛፍ ነው። በ1887 ዓ.ም. አካባቢ ለአዲስ አበባ የማገዶ ችግር ተብሎ የገባው ዛፍ ከጊዜ በኋላ ወደ ሰሜኑ ደጋ ተሻገረ። ሁለተኛው በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው ባቡር ነው። ከባቡሩ ጋር ቆርቆሮና የፋብሪካ ምስማር በሣጥን በሣጥን መግባት ጀመረ። መጋዙም ደረሰ፤ ሁለት ሰው ከላይና ከታች ሆኖ ግንዱን ሲስበው ድሮ ለአንድ ሳንቃ ይጠፋ የነበረ ዛፍ አሁን ብዙ ጣውላ ይወጣው ጀመር። በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ዞረው ያዩት የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ለዘመናዊ ነገር የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ነው፤ ባለሥልጣኑና ባለጸጋው የጌታውን ዓይን ተከትሎ ቤቱን ማደስ ጀመረ።

የጣውላ ወለል አሠራሩ እንዲህ ነው። ወራጅ እንጨት ከመሬት ከፍ ብሎ ይጋደማል፤ ጣውላው በላዩ ተደርድሮ በየወራጁ በምስማር ይመታል። ያሞቃል፣ ያምራል፣ ሲወለወል ያበራል። ችግሩ ያለው ከአየሩ ላይ ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የዓመቱ ዝናብ 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። እንጨት ደግሞ ተቆርጦም ቢሆን እርጥበት መጠጣቱንና መትፋቱን አይተውም። በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ እንቅስቃሴውም በቁመቱ ሳይሆን በጎኑ ነው። ምስማሩ አልንቀሳቀስም ይላል፣ ጣውላው ይንቀሳቀሳል፤ በየዓመቱ እንዲህ ሲጓተቱ ምስማሩ ጭንቅላቱን ብቅ ያደርጋል፣ በጣውላና በጣውላ መካከልም ሳንቲም የሚውጥ ክፍተት ይፈጠራል። ባሕር ዛፍ ሲሆን ይብሳል። በፍጥነት ያደገ ግንድ ውስጡ ታፍኖ የኖረው ውጥረት ሲሰነጠቅ ይለቀቅና ጣውላው ይጣመማል።

ሌላው ዓለም ይህን ሕመም በከፊል አክሞት ነበር። አሜሪካዊው ዊልያም ውድዎርዝ እ.ኤ.አ. በ1828 የፈጠራ መብት ያወጣበት ማሽን ጣውላውን ከመላጉም በላይ በአንዱ ጠርዝ ምላስ፣ በሌላው ጎድጓድ ያወጣለት ነበር። ምላሱ ጎድጓዱ ውስጥ ሲገባ ጣውላው ወደ ላይና ወደ ታች ከጎረቤቱ አይለይም። ወደ ጎን መሸሹን ግን ምላስ አይከለክለውም፤ ስለዚህ ምስማሩ እዚያው ቀረ። ይህን ጉድለት አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ከአንድ መቶ ስልሳ ዓመት በላይ ሳይዘጋ የቆየ ጉድለት ነው።

ሊሾ፦ ከ1928 እስከ 1967 ዓ.ም.

የኢጣሊያ ጦር በ1928 ዓ.ም. ግንቦት ደብረ ማርቆስ ገባ። አርበኛው በየጫካው ስላላስቀመጠው ጣልያን በጎጃም ከምሽጉ ብዙም አልራቀም፤ ቢሆንም መንገድ ቀየሰ፣ ድሬዳዋ ላይ የአገሪቱን የመጀመሪያ የሲሚንቶ ፋብሪካ ተከለ፣ የግንበኛውን ሙያና የሙያውን ቋንቋ አስገባ። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስ ሲደርሱ ጠላት ለቆ ሄዷል፤ ሊሾ፣ ሊቬላ፣ ዞኮሎ የሚሉት ቃላት ግን ከግንበኛው ጋር ቀሩ።

ሊሾ ማለት የተለሰነ ሲሚንቶ ነው። ድንጋይ ይደረደራል፣ ጠጠርና አሸዋ ከሲሚንቶ ጋር ይፈስበታል፤ ሳይደርቅ ንጹሕ ሲሚንቶ፣ አንዳንዴም ቀይ ቀለም ይነሰነስበትና እስኪያብረቀርቅ በብረት ይለሰናል። መገጣጠሚያ የለውም፤ ከበር እስከ ጓዳ አንድ ድንጋይ ነው። አያብጥም፣ አይበሰብስም፣ ምስጥ አይበላውም። ከሰባት ትውልድ እበት ልቅለቃ ሴቶችን ያሳረፈ ወለል ቢኖር እሱ ነው፤ ስለዚህ ቅዝቃዜው ይቅር ይባልለታል። ቅዝቃዜው ግን የዋዛ አይደለም። በሐምሌ ማለዳ በባዶ እግሩ ሊሾ የረገጠ የደብረ ማርቆስ ልጅ ምስክር ነው፤ የፕላስቲክ ምንጣፍ ገበያ የደራውም ከዚህ የተነሣ ነው።

ሲሚንቶውን ከአዲስ አበባ የሚያመጣው መኪና የአባይን በረሃ ወርዶ መውጣት ነበረበት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው ቁልቁለትና አቀበት የጭነቱን ዋጋ ስለሚያንረው ሊሾ መጀመሪያ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የትምህርት ቤት፣ የሆቴልና የነጋዴ ወለል ሆኖ ቆየ። ገጠሩ በእበቱ ጸና። አዲስ አበባ በዚያን ጊዜ ሌላ ነገር ለምዳ ነበር፤ ትንንሽ የእንጨት ቁራጭ በሊሾ ላይ በኮላ እየተለጠፈ፣ በማሽን እየተላገ፣ ቫርኒሽ እየተቀባ ፓርኬ ተባለ። በፓርኬ ላይ ምስማሩን ኮላ ተካው። ፓርኬ ሠሪ ግን ባለሙያ ነው፤ ባለሙያው ደግሞ አባይን የሚሻገረው ለትልቅ ሥራ ብቻ ነበር።

ባለቤት ያጣ ወለል፦ ከ1967 እስከ 1983 ዓ.ም.

ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሚደርስ ቤቶች በቀበሌ እጅ ገቡ። ተከራዩ እፎይ አለ፤ ኪራዩ ረከሰለት። ወለሉ ግን ባለቤት አጣ። የቀድሞው አከራይ አይጠግነውም፤ ቤቱ የእሱ አይደለም። ተከራዩ ገንዘብ አያፈስበትም፤ የእሱም አይደለም። ቀበሌው ከዚያች ኪራይ ላይ ምን ተርፎት ይጠግናል? በዘመነ ራስ ኃይሉም ሆነ በጃንሆይ ጊዜ የተመታው ጣውላ በነጭ ጋዝ እየተወለወለ፣ የበሰበሰው ቦታ በቆርቆሮ ቁራጭ እየተደፈነ ኖረ። ሙገር ሲሚንቶ በ1976 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ይሁንና በጦርነትና በድርቅ መካከል ለግለሰብ ወለል የሚተርፈው ጥቂት ነበር። በወለላችን ታሪክ ውስጥ አንዳች የማያያዣ ለውጥ ያልታየበት ዘመን ቢኖር ይህ ነው።

ኮላው ሲቀር፦ ስዊድንና ቤልጂየም፣ እ.ኤ.አ. 1977–2007

ልክ በእነዚያው ዓመታት ስዊድን ውስጥ ፔርስቶርፕ የተባለ የኬሚካል ኩባንያ አንድ ድፍረት ያለበት ሐሳብ ያዘ። ኩባንያው የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የሚለጠፈውን ጠንካራ ልባስ ያመርት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1977 «ይህ ለምን አይረገጥም?» ብሎ ተነሣ። ፔርጎ የተባለው ምርት በ1984 አውሮፓ፣ በ1994 አሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ።

ሰሌዳው አራት ድርብ ነው። ከላይ ጭረትን የሚቋቋም የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ቅንጣት ያለበት ግልጽ ሜላሚን፤ ቀጥሎ የእንጨት ፎቶግራፍ የታተመበት ወረቀት፤ መሃሉ ተፈጭቶ በሙቀትና በጫና የታመቀ የእንጨት ጭረት፣ ማለትም ኤችዲኤፍ፤ ከታች ሰሌዳው እንዳይጎብጥ ሚዛን የሚጠብቅ ልባስ። የምናደንቀው የእንጨት ዓይንና መስመር እንግዲህ ፎቶ ነው።

ጭረቱ ተፈጭቶም ቢሆን እንጨትነቱን አይረሳም፤ ያብጣል፣ ይኮማተራል። ከሲሚንቶው ጋር ቢጣበቅ ወይም በምስማር ቢቸነከር ሄዶ ሄዶ ይጎብጣል። ስለዚህ ሰሌዳዎቹ እርስ በርስ ብቻ ተያይዘው ወለሉ እንደ አንድ ሰፊ ምንጣፍ ተኝቶ እንዲቀር፣ ከግድግዳው ርቆ በነጻነት እንዲሰፋና እንዲጠብ ሆነ። ተንሳፋፊ ወለል የሚባለው ይህ ነው። እርስ በርስ የሚያያይዛቸው ግን ኮላ ነበር። ሠራተኛው ምላሱን ኮላ ይቀባል፣ ያስገባል፣ በቀበቶ ወጥሮ ያስራል፣ የተረፈውን ይጠርጋል፣ እስኪደርቅ ይጠብቃል። አንዱ ሰሌዳ ቢበላሽ መፍትሔው መጋዝ ነው።

ኮላውን ለማስቀረት ሁለት ወገን በተለያየ በር ገባ። ስዊድናዊው ዳርኮ ፔርቫን እ.ኤ.አ. በ1993 ባቋቋመው ቬሊንገ አሉሚኒየም በተባለ ድርጅት፣ ስሙ እንደሚነግረን፣ መፍትሔውን በአሉሚኒየም ፈለገ፤ በሰሌዳው ጠርዝ ሥር የተያያዘ ቀጭን የብረት ከንፈር ጎረቤቱን ይይዛል። የኖርዌዩ አሎክ በ1996 ይህን ወለል ለገበያ አቀረበ። ሁለተኛው የቤልጂየሙ ዩኒሊን ነው። ይህ ድርጅት በ1960 የተመሠረተው የተልባ አምራቾች ተባብረው ከተልባ አገዳ ቺፑድ ለመሥራት ነበር። ጎጃሜ ተልባውን ወቅቶ አገዳውን ሲጥል እዚያ ሳንቃ አደረጉት። ዩኒሊን በ1997 ሃኖቨር ላይ በተካሄደው የወለልና የምንጣፍ ትርኢት ዩኒክሊክን አሳየ፤ ብረት የሌለበት፣ ቁልፉ ከራሱ ከታመቀው ጭረት ተፈልፍሎ የወጣ።

ቁልፉን ለማየት ሁለት ቁራጭ ሰሌዳ ይዞ ጠርዛቸውን ከጎን መመልከት ይበቃል። የጎድጓዱ የታችኛው ከንፈር ከላይኛው ይረዝማል፤ ጫፉም ላይ ትንሽ ጉብታ አለችው። የምላሱ ሆድ ሥር ደግሞ ያችን ጉብታ ልክ የሚቀበል ቦይ ተቆፍሯል። አዲሱ ሰሌዳ ጎኑ ቀና ብሎ ምላሱ ወደ ጎድጓዱ ይገባል፤ ከዚያ ቀስ ተብሎ ወደ ታች ሲጫን የታችኛው ከንፈር ትንሽ ይለጠጥና ጉብታዋ ቦዩ ውስጥ ትወድቃለች። ጠቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ወደ ላይ ቢሉት ምላሱ ይይዛል፤ ወደ ጎን ቢስቡት ጉብታዋ ትይዛለች። የውድዎርዝ ማሽን ክፍት የተወው ጎን ተዘጋ ማለት ነው። በዩኒክሊክ ላይ የተለጠጠው ከንፈር ሙሉ በሙሉ ወደ ቦታው ስለማይመለስ ሁልጊዜ በመጠኑ ይስባል፤ መጋጠሚያው ጠብቆ የሚኖረው በዚህ ነው። ማላቀቅ ሲፈለግ ጎኑን ቀና ማድረግ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት የተካሄደው የፈጠራ መብት ሙግት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ ዓለም አቀፍ ንግድ ኮሚሽን ያለ ፈቃድ የተሠሩ ተቆላፊ ሰሌዳዎች ከየትም ቢመጡ ወደ አገሩ እንዳይገቡ አገደ። የቻይና ፋብሪካዎችም ፈቃዱን ከፍለው ያዙ፤ የፈጠራ መብት የሚጸናው 20 ዓመት ነውና ሰዓቱ ደግሞ ይቆጥር ነበር።

ቁልፉ አባይን ሲሻገር፦ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ጀመረ። መምህሩ፣ ሠራተኛው፣ ተማሪው ቤት ፈለገ፤ ከተማዋ ወደ ዳር ተዘረጋች። ጳጉሜን 2000 ዓ.ም. በጃፓን መንግሥት ዕርዳታ የተሠራው የአባይ ድልድይ ተመረቀ። በኋላም ሲሚንቶው ራሱ ወደ በረሃው አፋፍ መጥቶ ደጀን ላይ ፋብሪካ ተተከለ። ሊሾ የሁሉም ሆነ፤ ባለ ገንዘቡ በላዩ ሴራሚክ አነጠፈ። ሴራሚኩ ከሊሾው ባልተናነሰ ይቀዘቅዛልና የመኝታ ቤት ጥያቄ አልተመለሰም ነበር። ላሚኔቱ የገባው በዚህ ክፍተት ነው።

ለነጋዴው ጥቅሙ ካርቶን መሆኑ ነው፤ ቀጭን፣ እኩል፣ ተደራራቢ። ለሠሪው ጥቅሙ ፓርኬ ሠሪ አለመጠበቁ ነው። ሊሾውን በሊቬላ ለክቶ ጉድጓዱን የሚደፍን፣ ፕላስቲክና ስፖንጅ የሚያነጥፍ፣ ሰሌዳውን የሚቆርጥ ትዕግሥተኛ ወጣት አንዱን መኝታ ቤት በአንድ ቀን ይጨርሳል።

የሚበላሸው ግን ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ነው። ከግድግዳው ዙሪያ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ክፍተት መተው አለበት፤ ዞኮሎ የሚሸፍነው እሱን ነው፤ ዞኮሎውም ከግድግዳው ጋር እንጂ ከወለሉ ጋር አይመታም። አዲስ ሠራተኛ ክፍተቱ ያሳፍረዋል፤ ሰሌዳውን ግድግዳው ድረስ ገፍቶ ያስጠጋዋል። በበጋ ሥራው የተዋጣለት ይመስላል። ሐምሌ ሲገባ ወለሉ መሃል ላይ ይነሣል፤ ሲረግጡት ይሰምጣል፣ ሲለቁት ይመለሳል። ካርቶኑ ሳይከፈት 48 ሰዓት እዚያው ክፍል ውስጥ ማደር አለበት የሚለውን ማሳሰቢያም የሚያከብረው ጥቂት ነው። ሌላው ጠላቱ ውኃ ነው። ለበዓል እርጥብ ቄጠማ በላሚኔት ላይ ተጎዝጉዞ ሲያድር ውኃው በመጋጠሚያው ይሰርግና ጠርዙን ያሳብጠዋል፤ ያበጠ ኤችዲኤፍ ደርቆም ወደ ቦታው አይመለስም። የፕላስቲክ ቄጠማ የሚገዛ ሰው ሲታማ እሰማለሁ፤ ላሚኔት ያለው ከሆነ ግን አልፈርድበትም። አሁን መሃሉ የድንጋይ ዱቄትና ፕላስቲክ የሆነ፣ ውኃ የማያሳብጠው ተቆላፊ ሰሌዳም ገበያ ላይ አለ፤ ቁልፉ ያው ነው።

አንድ የሚከነክነኝ ነገር አለ። የደጋው ጎጃም ገበሬ ዛሬ ከእህል እኩል ባሕር ዛፍ ያመርታል፤ አጠናው እየተጫነ እስከ ሱዳን ይሻገራል። በዚያው መንገድ ታምቆ ካርቶን የገባ የሌላ አገር እንጨት ይመጣል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተነሣ ወዲህ መንገዱ ሲዘጋ ሁለቱም ይቆማሉ። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የካርቶኑ ዋጋ ብዙውን ቤት ሠሪ ወደ ፕላስቲክ ምንጣፉ መልሶታል።

ላሚኔት ያነጠፉት ደግሞ ሕጉ ያላሰበውን ጥያቄ ይዘው መጥተዋል። ከሲሚንቶው ጋር ያልተያያዘ ወለል ይነሣል፤ ተከራይ ቤት ሲለቅ ሰሌዳውን ቀና ቀና እያደረገ አላቆ፣ በካርቶን አድርጎ ሊወስደው ይችላል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1132 ከዋናው ነገር ጋር ተዋሕዶ ሳይፈርስ ወይም ሳይበላሽ ሊለይ የማይችለውን የዚያው ነገር ክፍል ያደርገዋል። በዚህ ሚዛን ሊሾው፣ ሴራሚኩና በኮላ የተለጠፈው ፓርኬ የአከራዩ ናቸው፤ ላሚኔቱ ግን ቤቱንም ራሱንም ሳይጎዳ ይለያል። ይኸው አንቀጽ በልማድ የአንድ ነገር ክፍል ተደርጎ የሚቆጠረውንም ይጨምራል፤ ወለልን ከቤት ለይቶ የቆጠረ ልማድ ደግሞ ጎጃም ውስጥ ኖሮ አያውቅም። አከራዩም ተከራዩም ከአንዱ አንቀጽ የየራሳቸውን መስመር መምዘዝ ይችላሉ።